ካፖርቴ ደባርቅ ላይ ቦርሳ ሆነ

ከጎንደር መናኸሪያ ስነሣ አሮጌ ካፖርቴን በማዳበሪያ ከትቼ ይዤ ነበር። የሚኒባሱ ረዳት አየት አድርጎ «እማማ፣ ዕቃው ይከፈልበታል» አለኝ። «ልብስ ነው ልጄ» ብለው አንሥቶ በእጁ መዘነው። «ልብስ እንዲህ ይከብዳል እንዴ?» እያለ ከወንበሬ ሥር ከተተልኝ። እውነቱን ነው። የድሮ የሱፍ ካፖርት ነው፤ ለብሰውት ሲሄዱ ሰው የተሸከሙ ያህል ይሰማል።

ካፖርቱን የእጅ ቦርሳ ላደርገው ካሰብኩ ቆየሁ። ቤት ተቀምጬ በእጄ ልሰፋው ብሞክር ሁለት መርፌ ሰበርኩ። ጎንደር ያሉት ልብስ ሰፊዎች ደግሞ ጨርቁን ነክተው «ማሽኔን ይሰብርብኛል» እያሉ መለሱልኝ። ያኔ ነው ደባርቅ ትዝ ያለኝ። ብርድ ያለበት አገር ልብስ ሰፊ ካፖርት አይፈራም። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቄ ተነሣሁ።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወለቃን አልፎ ሽቅብ ይወጣል፤ ኮሶዬ ላይ ገደሉና ከሥሩ ያለው ቆላ ወለል ብሎ ይታያል። አምባ ጊዮርጊስ ሲደረስ የሰዉ አለባበስ ይለወጣል። ሹራብ ላይ ኮት፣ ኮት ላይ ጋቢ፣ ጋቢ ላይ ሌላ ጋቢ። እረኞቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ከመንገዱ ዳር ቆመው መኪና ያያሉ። እኔ በዚህ መንገድ ስሄድ ተራራውን ሳይሆን ጨርቁን ነው የማየው። እዚህ አገር ጨርቅ አይጣልም፤ ከአንዱ ገላ ወደ ሌላው ይወርዳል። ብርድ ልብሱ መጀመሪያ የአባወራው ነው። ሲሳሳ የእረኛው ልጅ ካባ ይሆናል። ሲቀደድ ተቆርጦ የሕፃን መጠቅለያ፣ ቀጥሎ የአህያ ጀርባ መደልደያ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ የምጣድ ማሰሻ ሆኖ ጭስ ቤት ይሞታል። እዚያ ድረስ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት አገልግሏል።

ዳባት ላይ ወራጆች ወርደው ሌሎች ገቡ። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከዚያው ከዳባት ወረዳ፣ ከአለም ዋጭ ነበረች። ከሰኔ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የኤርትራ ስደተኞች የሚኖሩበት መጠለያ ነው። ጭኗ ላይ ያለው ቦርሳ ዓይኔን ያዘው። ከጂንስ ሱሪ የተሰፋ ነው። የኋላ ኪሱ እንዳለ ውጭ ላይ ቀርቶ ስልኳን ይዟል፤ የሱሪው ዚፕ የቦርሳው አፍ ሆኗል፤ እግሩ ተቆርጦ በሦስት ታጥፎ ማንገቻ ወጥቶታል።

«ማን ሰፋልሽ?» አልኳት።

«እኔ ነኝ። ሁለት ሱሪ ነው፤ አንዱ የባለቤቴ፣ አንዱ የልጄ።»

ባለቤቷና ልጇ የት እንዳሉ አልጠየቅኋትም። «ገልብጬ ልየው?» ብላት ሳቀች፤ ግን አወጣችና ሰጠችኝ። ውስጡ ከውጩ ይበልጥ ያምራል። ጥሬ ጠርዝ የሚባል የለበትም፤ ሁሉንም አጥፋ ዘምዝማዋለች። ስፌቱን በጥፍሬ ሄድኩበት፤ የትም አልላላም። «ነርስ ነዎት?» አለችኝ። ምን ላይ እንዳወቀችው አላውቅም።

ስፌት ገልብጦ ማየት በእርግጥ የሥራዬ ጠባይ ነው። ወጣቶቹ አንባቢዎች ላያውቁት ይችላሉ እንጂ የራስ ቅማልና የልብስ ቅማል አንድ አይደሉም። የራሱ ፀጉር ውስጥ ይኖራል። የልብሱ ቅማል ግን ወደ ቆዳ የሚወጣው ለመብላት ብቻ ነው፤ ውሎ አዳሩም እንቁላሉም በልብሱ ስፌት እጥፋት ውስጥ ነው። ተስቦን የሚያስተላልፈው እሱ ነው። በእኛ ጊዜ ደጋውን ያስጨነቀውን የሚያገረሽ ትኩሳትም እንዲሁ። ይህኛው በንክሻ አይደለም የሚመጣው፤ ሰው ሲያክክ ቅማሉ ይፈነዳና ጀርሙ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል። ብርድ ባለበት፣ ውኃና ማገዶ በራቀበት፣ አንድ ልብስ ቀንም ሌሊትም በሚለበስበት ቤት፣ በተለይ በክረምት፣ በሽታው አንዱን ሲለቅ ሌላውን ይይዝ ነበር። ስለዚህ በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ልብሱን አስወልቀን ስፌቱን እንገልጥ ነበር። ዛሬም ልብስ ሳይ እጄ ወደ ስፌቱ ይሄዳል።

ካፖርቱን የገዛሁት በ1976 ዓ.ም. ደባርቅ ገበያ ላይ ነው። በነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ተመድቤ ነበር። ጎንደር ከተማ ያደግሁ ስለሆንኩ ብርድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት የውኃ ባልዲ ላይ በረዶ ይጋገራል። ወር ሳይሞላኝ ከአንድ የቀድሞ ወታደር ላይ ካፖርቱን ገዛሁ። ከቁርጭምጭሚቴ ትንሽ ከፍ ይላል፣ እጅጌው ጣቴን ይውጣል። ግን ይሞቃል።

በዚያው ክረምት አንድ ልጅ መጣ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ እረኛ ነው። እናቱና አንድ ዘመድ ከጃን አሞራ በኩል በቃሬዛ ተሸክመው አደረሱት። ትኩሳቱ 40 ዲግሪ አልፏል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ደሙን በአጉሊ መነጽር አይተን የሚያገረሽ ትኩሳት መሆኑን አወቅን፤ ፔኒሲሊን ተወጋ። ይህን በሽታ ያከመ ሁሉ የሚፈራው ከመርፌው በኋላ ያሉትን ሰዓቶች ነው። መድኃኒቱ ጀርሙን በአንድ ጊዜ ሲፈጀው በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይብስ ይወጣል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። አጠገቡ ማደር ያስፈልጋል። አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል አላበውና ተኛ።

ልብሱን አስቀድመን አስወልቀነው ነበር። አንድ ጥብቆና አንድ ጋቢ ነው። ጋቢው ላይ እራፊ በእራፊ ተደርቧል፣ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደሆነ አይለይም። እናት ምሽት ምሽት ተቀምጣ የጠቀመችው መሆኑ ግን ያስታውቃል፤ ክሩ አምስት ዓይነት ነው። ደንቡ መቀቀል ነበር። በርሜል አለን። ማገዶው ግን ለመርፌ መቀቀያ እንኳ እየተቆጠረ የሚወጣ ነው፤ እኔም ደክሞኛል። እውነቱን ልንገራችሁና ተጸይፌዋለሁ። ለዘበኛው «አቃጥለው» አልኩት። ነጭ ጋዝ አርከፍክፎበት ከጓሮ ለኮሰው።

በአራተኛው ቀን ልጁ ተሽሎት ሊወጣ ሲል እናቱ መጣች። «ልብሱን ስጪኝ፣ ላልብሰው» አለችኝ። መቃጠሉን ነገርኳት። «ሁሉም?» አለች። «ሁሉም» አልኳት። አልተቆጣችም። የራሷን ኩታ አውልቃ ልጁን ጠቀለለችው፣ ጫፉን ደረቱ ላይ ቋጠረችለት፤ «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄን አተረፍሽልኝ» ብላኝ በቀሚስ ብቻ ወጣች። ያን ቀን ያካፋ ነበር። ካፖርቴን ለብሼ በር ላይ ቆሜ እስኪርቁ አየኋቸው። መዝገቡ ላይ «ተሽሎት ወጣ» ብዬ ጻፍኩ። ካፖርቱን አውልቄ ልሰጣት እችል እንደነበር ትዝ ያለኝ ማታ አልጋዬ ውስጥ ነው።

ያ ልጅ በሕይወት ካለ ዛሬ 50 ዓመት አልፎታል። እኔ ከዚያ በኋላ የማንንም ልብስ አላቃጠልኩም፤ ማገዶ ከቤቴ አምጥቼም ቢሆን አስቀቅያለሁ። ካፖርቱን ግን መልበስም መስጠትም እየከበደኝ ሄዶ በኋላ ሳጥን ውስጥ ቀረ። ዘንድሮ ባወጣው ክርኑ በስቷል፣ ኮሌታው አልቋል፣ አንድ ጎኑን ብል በልቶታል። ለሰው የሚሰጥ አይደለም።

ከመነሣቴ በፊት ቀቀልኩት። ግማሽ ሰዓት በፈላ ውኃ፣ በትልቅ ብረት ድስት። ሲወጣ ደነገጥኩ፤ ተኮማትሮ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ካፖርት አክሏል። ሱፍ እንዲህ ነው። እናንተ ከሰልባጅ የገዛችሁትን ሱፍ በልኩ ማቆየት ከፈለጋችሁ አትቀቅሉት፤ በላስቲክ አጥብቃችሁ አስራችሁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት፣ ቅማሉም ከእንቁላል የሚፈለፈለውም የሚበላው አጥቶ ያልቃል፤ ከዚያ ለብ ባለ ውኃ እጠቡት። ጥጥና አቡጀዲ ግን ያለ ስጋት ይቀቀላል። ስፌቱን በጋለ ካውያ መሄድም ጥሩ ነው። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ቦንዳው በየገበያው ሲፈታ እናያለን፤ የሚገዛው ደግሞ ምርጫ ያለው ሰው አይደለም። ስለዚህ «አትግዙ» ከማለት እንዴት እንደሚታጠብ መናገር ይሻለኛል።

ደባርቅ ስደርስ ገበያው ሞልቷል። የገብስ ጆንያ፣ የበግ ሱፍ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የቱሪስት ዓይን የሚጠብቁ የሱፍ ቆቦች። በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ይህች ከተማ ናት። ከገበያው ዳር ያለው ቁጥቋጦ ግን አበባ ያወጣ ይመስል ፌስታል ለብሷል። ስስ ፌስታል በ1999 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ጊዜ ጀምሮ ተከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዲስ አዋጅ ጠቅላላውን ከልክሎታል። ሕጉ ጥሩ ነው። ያቺ አንድ ኪሎ ሽንኩርትና የልጇን የክትባት ካርድ በአንድ ፌስታል ይዛ የምትሄድ እናት ግን በምን ትያዝ? ስንቱን ካርድ ረጥቦ፣ ቀለሙ ጠፍቶ፣ ከነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ተበጣጥሶ ተቀብያለሁ! ካርድ የጠፋበትን ልጅ ክትባት ከመጀመሪያው መጠየቅ ያታክታል። ድሮ ሰው ስልቻ ነበረው፣ አኮፋዳ ነበረው፣ ዘንቢል ነበረው። ፌስታል ያን ሁሉ በአንድ ትውልድ አስጣለው።

ልብስ ሰፊው የዱሮ በረንዳው ላይ፣ የዱሮ ሲንጀሩ ፊት ተቀምጧል። ጥቁሩ ቀለም ከአንገቱ ላይ ተልጦ ብረቱ ያብረቀርቃል፤ ፔዳሉ ያው ነው።

«ሲስተር! እንደምን ከረሙ? ጤናው?»

«እግዜር ይመስገን፤ እርስዎስ? ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«መርፌ ቀዳዳ ልጁ ያስገባልኛል። ስፌቱን እጄ ያውቀዋል።»

ካፖርቱን አወጣሁለት። አገላብጦ ዳሰሰው። ቀቅዬ እንዳበላሸሁት ስነግረው ሳቀ። «ማን አለዎት ተበላሸ? ጠብቋል እንጂ። አባቴ ባና ሲሠራ ሱፉን በውኃ እያራሰ በእግሩ ሲረግጠው ይውል ነበር። እርስዎ በእሳት ረገጡት። አሁን ቢቆርጡት አይተረተርም፤ ዝናብም ቶሎ አያስገባም።»

ከዚያ ካፖርቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ ወደ ፀሐይ አነሣው። ብርሃን የሚያሳልፈው ቦታ ሁሉ የሞተ ነው፦ ክርኑ፣ ኮሌታው፣ ብብቱ፣ መቀመጫው። ከትከሻ አጥንት መሐል እስከ ወገብ በታች ግን ድቅድቅ ያለ ነው። የኪስ ክዳኑ ሥርና የታጠፈው ጠርዝ ደግሞ ገና እንደ አዲስ ነው፤ ፀሐይ አይቶት አያውቅም። ቁስል ስናጥብ የሞተውን ሥጋ ከሕያው የምንለየው እንዲሁ ነበርና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አሮጌ ልብስ ቦርሳ ሲሆን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚያምረውን ቦታ ይቆርጣል፤ መቆረጥ ያለበት ግን ያልደከመው ነው።

አብረን ሠራን። መጀመሪያ ስፌቱን ተረተርነው፤ በምላጭ አይደለም፣ በመርፌ ጫፍ አንድ አንድ ክር እያነሣን፤ ጨርቁን ላለመቁሰል። ልኩን በደረቅ ሳሙና ስባሪ ሣልን። ጀርባው ረጅም ስለሆነ ሁለቱንም ፊት አወጣ፤ እያንዳንዱ 40 በ35 ሴንቲ ሜትር፣ ለስፌት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ተጨምሮ። ገበሩን ያመጣሁት ከቤቴ ነው፤ የመጨረሻው ነጭ ጋውኔ። ኪሱ ላይ የቀለም እድፍ አለበት፤ ልብስ ሰፊው ሊቆርጠው ሲል «ይቅር» አልኩት። የካፖርቱን የውስጥ ኪስ ደግሞ ዙሪያውን ሦስት ጣት ትርፍ ትተን ቆረጥነውና ከነሕይወቱ ገበሩ ላይ ሰፋነው። የክትባት ካርድ፣ መታወቂያና ስልክ ልክ ይገባበታል።

ወለል እንዲኖረው የታችኛውን ሁለት ማዕዘን ጎኑን ከሥሩ ስፌት ጋር ገጥመን ሦስት ማዕዘን አወጣንና ከጫፉ አራት ሴንቲ ሜትር ገባ ብለን በአግድም ሰፋነው። ስምንት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መቀመጫ ወጣው፤ መሬት ሲቀመጥ አይወድቅም። መርፌው ቁጥር 18 ነው፤ ከዚያ በታች ይሰበራል። ስፌቱንም ረዘም አደረገው፣ ሱፉ እንዳይጨማደድ። ገበሩን አፉ ላይ ገጥሞ አዞረው።

ማንገቻው ላይ ሲንጀሩ እምቢ አለ። ማንገቻውን ያወጣነው ከፊት ከቁልፉ መስመር ነው፤ እዚያ ጨርቁ ከመጀመሪያውም ድርብ ስለሆነ አይለጠጥም። ከቦርሳው ጋር ሲገጥም ስድስት ድርብ ሆነ። መሽከርከሪያው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ልብስ ሰፊው ማሽኑን መታ መታ አደረገና «ይኼስ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ላከኝ። ልጁ በወስፌ እየበሳ፣ ሰም በተቀባ የጫማ ክር አራት ማዕዘን አድርጎ በመስቀል ሰፋው። «ይኼ ማንገቻ በቅሎም ይስባል» አለኝ። አንዱን የናስ ቁልፍ መልሰን አፉ ላይ ተከልነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ።

ብዙም አያምርም። ቀለሙ የዝናብ ደመና ነው፣ ቅርጹ የፖስተኛ ቦርሳ ይመስላል። ልጄ ከውጭ አገር የላከችልኝ ቆዳ ቦርሳ ቤት አለ፤ ሰርግ ስሄድ እይዘዋለሁ።

ሒሳብ ስከፍል አንዲት ወጣት ሕፃን አዝላ መጥታ ከበረንዳው ሥር ቆመች። ልብስ ሰፊው ያውቃታል። ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር በ2008 ዓ.ም. ወደ ከተማው ከወረዱት ቤተሰቦች ናት፤ ያኔ እሷ ራሷ ልጅ ነበረች። ዓይኗ መሬት የወደቁት ሁለቱ እጅጌዎች ላይ ነው።

«እናቴ፣ እነዚህን ይጥሏቸዋል?»

«ክርናቸው በስቷል» አልኳት።

«ግድ የለም። ለዚህ ሱሪ ይወጣዋል። እኛ ተራራው ላይ ሳለን እናቴ እንዲህ ነበር የምትሰፋልን፤ አንዱ እጅጌ አንድ እግር ነው።»

ልብስ ሰፊው እጅጌዎቹን አንሥቶ ለካና ራሱን ነቀነቀ። ከላይ በኩል ሁለቱን መግጠም ብቻ ነው፤ እጅጌው ጫፍ ቁርጭምጭሚት ላይ ይመጣል።

«ተቀቅሏል» አልኳት።

«ምኑ?»

«ጨርቁ። ተቀቅሏል፣ ንጹሕ ነው።»

ያልገባት ይመስላል፤ «እግዜር ይስጥዎት» ብላ ሕፃኑን ከጀርባዋ ፈታች። ልጁ እግሩን እያወራጨ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ እግሩ ቀዝቅዞ ቀልቷል። ልብስ ሰፊው ፔዳሉን ሲረግጥ እኔ ከጋውኔ ትርፍራፊ ሁለት ቁራጭ መርጬ፣ የክርኑን ቀዳዳ ለመጣፍ ከልጁ መርፌ ተዋስኩ።